ላልቶ ይነበብ

«ጌታዬ፣ እዚህ እንዳትቆም! ይበሉሃል!»

ረዳቱ ከአውቶቡሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚጮኸው። ነገሩ ለሹፌሩ የተባለ ይመስላል እንጂ ድምፁን ያን ያህል ከፍ ያደረገው ተሳፋሪው እንዲሰማለት ነበር፤ ተሳፋሪውም ሰማለት። ሳቁ ከጋቢናው ተነስቶ እስከ መጨረሻው ወንበር ደረሰ፣ በየመስኮቱም ስልክ የያዙ እጆች ብቅ ብቅ አሉ። አውቶቡሱ ብዙነሽ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ፎቶ እስኪነሳ ያህል ቀዝቀዝ አለና ጥሩንባውን እያንባረቀ ወደ ጀውሃ ተፈተለከ። ታምራት መሰላሉን በትከሻው እንደተሸከመ ከታፔላው ስር አቧራ ጠጥቶ ቀረ። ገና ጠዋት ነው፤ የሸዋሮቢት ፀሐይ ግን በግንቦት ወር ሰዓት አትጠብቅም፣ ከአሁኑ አናት መብሳት ጀምራለች። «ማንበብ የማትችል ደንቆሮ!» ብሎ ከአውቶቡሱ ኋላ ጮኸ። የሰማችው ከማዶ ማንጎ የምትሸጠው ሴትዮ ብቻ ናት፤ እሷም ሳቀች።

ታፔላው ላይ የተጻፈው «ሹፌር በነፃ ይበላል» የሚል ነው። ይህ ደግሞ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል ያለ ምግብ ቤት ሁሉ የሚያውቀው ደንብ ነው። ሹፌርና ረዳት ስልሳ ሰው ጭነው ደጅህ ላይ ሲቆሙልህ፣ ለእነሱ ጥብሱም ሽሮውም የታሸገ ውሃውም ሒሳብ የለውም፤ ሳያውቀው የሚከፍልላቸው ተሳፋሪው ነው። ሌላው ይህን በሹክሹክታ ያደርገዋል። ብዙነሽ ግን ከእሷ ዝቅ ብሎ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት የሆነ ሆቴል በተከፈተባት ጊዜ «በግልጽ ጻፍልኝ፣ ሹፌሩ ከሩቅ እንዲያየው» አለችው ታናሽ ወንድሟን። ታምራት ጻፈላት። ሲጽፍ አንድም ጊዜ አልተጠራጠረም፣ ምክንያቱም በአፉ እያለው ነበር የሚጽፈው፤ ሹፌሩ ራሱ፣ በገዛ ጥርሱ፣ በነፃ ይበላል። ፊደላችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አይለይም። ያው ቃል ጠብቆ የተነበበ እንደሆነ በዪው ሹፌር መሆኑ ይቀርና ተበዪው ሹፌር ይሆናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው።

ቃሉ ብቻ ቢሆን እንኳ ምናልባት ይታለፍ ነበር። ሥዕሉ ነው ያባሰው። ታምራት ሃያ ዓመት ሙሉ የከተማውን ታፔላ የጻፈ ሰው ነው፤ የፀጉር አስተካካዩን ግማሽ ጎፈሬ ግማሽ ምልጭ ያለ ጭንቅላት፣ የጎሚስታውን ጎማ፣ የወፍጮ ቤቱን ጆንያ የሳለው እሱ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ባነር ማተሚያ ከተከፈተ ወዲህ ግን ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረበት። የፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ዛሬ የሸዋሮቢትን ፀሐይ አይተው የማያውቁ የባነር ፈረንጆች ይስቃሉ፤ አንድ በጋ ሲያልፍባቸው ፊታቸው ነጥቶ ጥርሳቸው ብቻ ይቀራል፣ ባለቤቱም ሄዶ ሌላ ፈረንጅ ያሳትማል። እናም የእህቱ ታፔላ ሲመጣለት የመጨረሻው እንደሆነ አውቆ ያለ የሌለ ችሎታውን አፈሰሰበት። ሰፊ ላሜራ ላይ የሀብታሙን ፊት ሳለ። ሀብታሙ የደሴ መስመር ሹፌር ነው፤ ብዙነሽ ሸራ ዳስ ስር ሽሮ ከምትሸጥበት ዘመን ጀምሮ አውቶቡሱን ደጇ ላይ የሚያቆም፣ ሌላው ሹፌር ሁሉ እሱን አይቶ የሚቆም፣ ሪዙ እንደ ዳኛ የተከረከመ ወንድ ነው። እሱም «ሳለኝ፣ ታሪክ ነው» ብሎ ምሳውን ትቶ ተቀምጦለታል። ታምራት ሪዙን ፀጉር በፀጉር፣ ከአፍንጫው ስር ያለውን ጥላ ሳይቀር አወጣው። ለደረቱ ቦታ አልበቃ ስላለው አንገቱ ላይ አቆመና፣ ከአንገቱ ስር ወጥ የሞላበት ትልቅ ትሪ ሳለ።

ከፋሲካ ሰሞን አንድ መንገደኛ በመስኮት አነሳውና ፌስቡክ ላይ ጣለው። የምግብ ቤቱን ስም ቆርጦ አውጥቶታል፤ የቀረው ትሪ ላይ የተቀመጠ የሹፌር ጭንቅላትና ያቺ ዐረፍተ ነገር ናት። ለታምራት መጀመሪያ ያሳየው ከጎናቸው ሱቅ ከፍቶ በሚሞሪ ካርድ ዘፈንና ቀልድ እየጫነ የሚሸጠው ሙዓዊያ ነው። «ወላሂ ጋሽ ታምራት፣ አርባ ሺህ ሰው ወዶታል» አለው ስልኩን እየሰጠው። ታምራት ቁጥሩን ሲሰማ ልቡ ዘለለች። ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ኔትወርኩ በሄደ ቁጥር እየጠበቀ፣ አስተያየቱን ወደ ታች እየሳበ አንድ በአንድ አነበበ። «የከባድ መኪና ሹፌር ጮማ አለው፣ የባጃጅ ሹፌር አጥንቱ ይበዛል» ይላል አንዱ። «ረዳቱስ መክሰስ ነው?» ይላል ሌላው። አንዱ ሀብታሙን ሎሚ አጉርሶታል፣ ሌላው ጆሮው ላይ ቃሪያ ሰክቶበታል። ታምራት የፈለገው ሌላ ነበር። ስለ ሪዙ፣ ስለ ጥላው፣ ቢያንስ ቢያንስ ስለ ፊደሉ አጣጣል አንድ ቃል የሚናገር ሰው ነበር የፈለገው። ካርዱ እስኪያልቅ ፈለገ፣ አላገኘም። አርባ ሺህ ሰው አይቶት አንድ እንኳ ማን ሳለው ብሎ የጠየቀ የለም።

እዚያ ላይ ቢተወው ጥሩ ነበር። ግን ታምራት ስህተት ሠራህ ሲሉት ደሙ የሚፈላ ሰው ነው፤ ከነገሩ ሁሉ ያቃጠለው ሳቁ ሳይሆን «ያልተማረ ጻፈው» መባሉ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሰዋስው ያስተማሩት መምህር ትዝ አሉት፤ ጠብቆ፣ ላልቶ፣ ጠብቆ፣ ላልቶ እያሉ በአርጩሜ ጠረጴዛ የሚመቱት። በማግስቱ መሰላል ላይ ወጣና ከዐረፍተ ነገሩ ስር፣ በቀይ ቀለም፣ አነስ ባሉ ፊደላት «ላልቶ ይነበብ» ብሎ ጨመረበት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ አዲሱ ፎቶ ከአሮጌው በልጦ አገር አዳረሰ። «ላልቶ ከሆነ ቅቅል ነው፣ ጠብቆ ከሆነ ጥብስ» አሉት። ቀልዱ ከስልክ ወርዶ መናኸሪያ ገባ፣ ከመናኸሪያ አውቶቡስ ውስጥ ገባ፤ ደሴ ላይ የሀብታሙን ትንሽ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ «ያንቺ አባት ላልቶ ነው ጠብቆ?» እያሉ አስለቀሷት። ሀብታሙ በረዳቱ በኩል የላከው ቃል አጭር ነበር፤ «ሥዕሌ ካልወረደ እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም።» እሱ ሲቀር ሌሎቹም ቀሩ። የፍየል ሥጋው ሲተርፍ፣ ሽሮው ሲኮመጥጥ፣ ሁለቱ አስተናጋጆች ወደ መስታወቱ ሆቴል ሲሄዱ ብዙነሽ ወንድሟን አንድ ቀን እንኳ አልሰደበችውም። ዝም አለችው። ታምራት እናቱ ከሞተች ጀምሮ በእሷ እጅ ያደገ ነው፤ ስድቧን ለምዶታል፣ ዝምታዋን ግን አያውቀውም። ቁርሱን ታቀርብለታለች፣ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች።

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሀብታሙ በምሳ ሰዓት ያልፋል። ብዙነሽ ትናንት ማታ ስልክ ደውላ «ነገ ይወርዳል ሀብትዬ፣ በቅዱስ ሚካኤል፣ አንተ ብቻ ቁምልኝ» ስትለው ታምራት በግድግዳው በኩል ሰምቷል። ያኛው ምን እንዳላት አልተሰማም፤ እሷ ግን ስልኩን ዘግታ ለብቻዋ «እሺ፣ መውረዱን አይቼ ነው ያለው» ስትል ሰማት። ስለዚህ ነው መሰላሉን የተሸከመው። የሚወርደውም በሱ እጅ ነው፣ ለሰው አልሰጥም ብሎ።

ብዙነሽ በታፔላው ምትክ ያሳተመችው ባነር ተጠቅልሎ በጠዋቱ መኪና ከደብረ ብርሃን መጥቷል። ሙዓዊያና ታምራት ደጅ ላይ ዘረጉት። ረጅም ነጭ ቆብ ያደረገ ፈረንጅ አብሳይ፣ ከነጭንቅላቱ የተጠበሰ ዓሣ በሰሃን ይዞ ይስቃል። ስሩ «ሹፌሮችን በነፃ እናስተናግዳለን» ይላል፤ ላላም ጠበቀም ማንንም የማያስበላ ቃል ነው። ታምራት ግን ዓይኑ አናቱ ላይ ቀረ። ማተሚያ ቤቱ ስሟን ለሁለት ሰንጥቆ «ብዙ ነሽ ምግብ ቤት» ብሎ አትሞታል።

«እትዬ! ነይ እይልኝ! ነይ እይ የተማሩትን!» አለ፤ ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ፊቱ በራ። «የኔ ስህተት ነው እንጂ የሚታያችሁ! እኔ ብጽፈው ኖሮ...»

ብዙነሽ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ እንደያዘች ወጣች። ባነሩን አየች፣ አነበበችው፣ ከዚያ ባዶዎቹን ጠረጴዛዎች ዘወር ብላ አየች።

«ብዙ ብሆን ኖሮ ምን ነበረበት» አለች። «ስቀለው። ያንን አውርድና ለዶሮ ቤቱ ጣሪያ እናደርገዋለን።»

በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሱ የተናገረችው ረጅሙ ንግግር ይህ ነው። ታምራት መሰላሉን ወጣ። ምስማሩን በመጎተቻ ሲነቅል ላሜራው ጮኸ፤ ከፀሐይ የተነሳ እጅ ያቃጥላል። ወደ ጓሮ ተሸክሞት ሲገባ የሀብታሙ ፊት ከፊቱ ጋር ገጥሞ ነበር፣ ሪዙ ለሪዙ። የዶሮ ቤቱ ላይ መክደን አልሆነለትም። «ምስማር የለም» ብሎ፣ ምስማሩ ኪሱ ውስጥ እያለ፣ ከማገዶው ኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስደገፈው።

ብዙነሽ ከዚያ በኋላ ሌላ ሴት ሆነች። ሹፌሮች ለብቻቸው የሚበሉበትን ክፍል መጋረጃ አጠበች፣ ውሃ ረጨች፣ የሀብታሙን ወንበር ራሷ ወለወለችው። የፍየሉን ጎን ለብቻ አስቀርታ፣ እሱ እንደሚወደው ቃሪያና የሮቢት ሽንኩርት አብዝታ፣ ለማንም ሳታስነካ ጠበሰችው። ሳህኖቹን ደርድራ ለስልሳ ሰው የሚበቃ ሽሮ ጣደች። ሰላሳ ብር የነበረውን ሽሮ ወደ ሃያ አምስት አውርዳዋለች። መንገዱ ዳር ቆማ ወደ ላይ፣ ወደ ጣርማ በር ሰማይ በየጊዜው ታያለች፤ አውቶቡሱ ከዚያ ነው የሚወርደው። በሆዷ የምታስበውን ታምራት ያውቃል፤ ሀብታሙ ዛሬ ከቆመ ወሬው ማታውኑ ደሴ ይገባል፣ ነገ ሦስት አውቶቡስ ይቆማል። ካልቆመ የቤት ኪራዩ ውል በሰኔ ያልቃል፣ ቤቱን የሚፈልገውም ባለ መስታወቱ ሆቴል ነው። ታምራት ደጅ ላይ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ከፈረንጁ ጋር ተፋጠጠ። ምን ያስቀዋል? ሮቢት ላይ ዓሣ ማን በልቶ ያውቃል? አብሳዩ ይስቃል።

ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል የቆመው ግን አውቶቡስ አይደለም። አንዲት ነጭ የቤት መኪና ናት፤ አራት ወጣቶች ወረዱ፣ ሁለቱ መነጽር ያደረጉ፣ አንደኛዋ ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ እርሳስ የሰካችበት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለችው ባለ እርሳሷ። «ሹፌር የሚበላበት ቤት የቱ ነው?»

አጥብቃ ነው ያለችው። ታምራት የሚሰድባትን ስድብ መረጠ። እሷ ግን ቀና ብላ ባነሩን ስታይ ፊቷ ወደቀ፤ እውነተኛ ኀዘን ነበር። «ውይ! አወረዱት እንዴ? ለሱ ብለን እኮ ነው እዚህ የደረስነው፣ ቁርስም አልበላን» አለች ለጓደኞቿ። ከዚያም ለእሱ፣ ጥፋቱ የሱ ይመስል፣ «ሥነ ጥበብ ነው የምማረው። ያ ሪዝ አሠራሩ ምን እንደሚያምር ታውቃለህ? አፍንጫው ስር ያለችው ጥላ! ሰው ይስቃል እንጂ እኮ የሳለው ሰው ሠዓሊ ነው።»

ሃያ ዓመት የጠበቀው ቃል ነው። ታምራት ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ። «እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ለራሱም ገረመው። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች፣ ጓደኞቿን ጠራች፣ እጁን ጨበጠችው። የት አለ ሲሉት ወደ ጓሮ ወሰዳቸው፤ ላሜራውን ከማገዶው ኋላ ገልብጦ ሲያሳያቸው እንደ ሙሽራ አባት ደረቱን ነፍቶ ነበር። ስልካቸውን አወጡ። «ጨለማ ነው፣ አይወጣም» አለ አንዱ። እውነቱን ነው፤ ጓሮው በጭስ የጠቆረ፣ ጥላ የዋለበት ነው፣ ያ ሁሉ ቀለም እዚያ ሞቶ ነው የሚታየው። ሥዕሉን ወደ ብርሃን እናውጣው ያላቸው ታምራት ራሱ ነው። አንዴ ብቻ፣ አሁኑኑ ይመለሳል፣ አውቶቡሱ ገና ነው ብሎ ልቡን አሳመነው። ብዙነሽ ወጥ ቤት ነች፣ አላየችም።

ከባነሩ ስር፣ ከግድግዳው ጋር አስደገፉት። ፀሐይዋ ቀጥ ብላ አርፋበት ሪዙ አበራ፣ ትሪው አበራ፣ «ላልቶ ይነበብ» የምትለዋ ቀይ ጽሑፍ እንደ ትኩስ ቀለም አበራች። ልጆቹ ተራ በተራ እየገቡ ተነሱ፤ አንዱ ተንበርክኮ ከትሪው የሚጎርስ መሰለ፣ ሌላው ሹካ አምጡ አለ። ልጅቷ ታምራትን ክንዱን ይዛ ከሥዕሉ ጎን አቆመችው፣ አንድ እጁን ላሜራው ላይ አሳረፈችለት። «ፈገግ በል፣ ሠዓሊው!» አለችው። ታምራት ፈገግ አለ። ፎቶ ሲነሳ እንዲህ ፈገግ ብሎ አያውቅም፤ የአውቶቡሱን ድምፅ የሰማው በዚያ ፈገግታ ውስጥ ሆኖ ነው።

ሀብታሙ ፍሬቻ አብርቶ ነበር። ይህን ታምራት እስኪሞት አይረሳውም፤ የቀኙ ፍሬቻ ብልጭ ጥፍት፣ ብልጭ ጥፍት ይላል፣ አውቶቡሱም ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠሩን ረግጦ ወደ ደጃፉ እየቀረበ ነው። ብዙነሽ ጥሩንባውን ሰምታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። «ሀብትዬ! ሀብትዬ መጣ!» ትላለች። ሀብታሙ ከመሪው በላይ አየ። የገዛ ፊቱን አየ፤ መሬት ወርዶ፣ ከግድግዳ ተደግፎ፣ አራት ወጣት ከቦት ሲንከተከትበት፣ ሠዓሊውም አጠገቡ ቆሞ ጥርሱን ሲያሳይ። ከኋላው ተሳፋሪው ሊወርድ ተነስቶ ነበር፣ አንዱ ግን በመስኮት አየና «ይኸው! ራሱ ነው! ሹፌራችን ነው!» ብሎ ጮኸ፣ ሳቁ ተነሳ። ፍሬቻው ጠፋ። አውቶቡሱ ጠጠሩን እየበተነ ወደ አስፋልቱ ተመለሰ፤ ሩቅ አልሄደም፣ ባለ መስታወቱ ሆቴል ደጅ ሲደርስ ቆመ። ታምራት ከላሜራው ላይ እጁን ሲያነሳ መዳፉ መቃጠሉን ያኔ አወቀ።

ብዙነሽ በሩ ላይ ቆማ ተሳፋሪዎቹ እዚያ ማዶ ሲወርዱ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሲያራግፉ፣ ሀብታሙ በሩን ዘግቶ ሳይዞር ሲገባ እስከ መጨረሻው አየች። ልጆቹ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገብቷቸው ድምፃቸውን ቀነሱ፤ ሁለት ሽሮና አራት ለስላሳ አዘዙ፣ ግማሹን ትተው ተነሱ። «ታግ አደርግሃለሁ፣ ፌስቡክ አለህ?» አለችው ልጅቷ ስትሄድ። የለውም። ስሙን ጠየቀችው፣ ነገራት፣ «ታምራት» ብላ ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ወደ ማምሻው ሙዓዊያ ከሱቁ ብቅ አለና ተመልሶ ገባ፣ እንደገና ብቅ አለ። ሲጠራው ታምራት ሄደ። «ቢቀርብህ ይሻላል ብዬ ነበር» አለ ሙዓዊያ፣ ስልኩን ግን ሰጠው። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጥቷል። ሪዙ፣ ጥላው፣ ሁሉም አለ። ከጎኑ ታምራት፣ እጁን የተሳለው ጭንቅላት ላይ ጭኖ፣ ጥርሱን አሳይቶ። ከላዩ ልጅቷ የጻፈችው «አብሳዩን በአካል አገኘነው!» ይላል። ስሙ የለም። ሦስት ሺህ ሰው ደርሷል፣ ገና ቀኑ አልመሸም። ታምራት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች ወርዶ አላነበበም። ስልኩን መለሰና «መጥፎ ልጅ አይደለችም» አለ፤ ሙዓዊያም «አይ፣ አይደለችም» አለው።

ሲመለስ ታፔላው እዚያው ከግድግዳው ጋር እንደተደገፈ ነው፣ ማንም አላነሳውም። ታምራት ቆሞ አነበበው። ላልቶ ሊያነበው ሞከረ፣ በአፉ ሞከረ፣ እንደ ጻፈው ቀን ቀስ ብሎ ሞከረ። ቃሉ አልላላለትም። ገባና ከሹፌሮቹ ክፍል፣ ከታጠበው መጋረጃ ኋላ፣ የተወለወለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም። ለስልሳ ሰው የተጣደው ሽሮ ከጓዳ ሲደፋ ይሰማዋል።

ብዙነሽ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ትሪውን ይዛለች፤ የፍየሉ ጎን፣ ቃሪያው፣ ሽንኩርቱ እንዳለ ነው፣ ሞራው ብቻ ረግቶ ነጥቷል። ከፊቱ አስቀመጠችው። ማስታጠቢያውን አመጣችና፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው ጎንበስ ብላ ውሃውን እጁ ላይ አፈሰሰችለት፤ የተቃጠለውን መዳፉን አየችው። ፎጣውን ሰጠችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ዓይኑን አየችው።

«ብላ» አለችው። «በነፃ ነው።»